እናትሽን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ከማስገባትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። «እናቴ አፏ እየቆሰለ፣ ቆዳዋ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር እየወጣ ቆይቷል። የቆዳ ሐኪም ፔምፊጎይድ ነው አለ። አሁን ዓይኗ ቀልቶ የቆቧ ፀጉር እየወጋት ነው። ማዝ (ትራኮማ) ነው ብለው ለቀዶ ሕክምና ቀጥረውናል፤ ጎንደር ያላችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከሥር «ቀላል ናት፣ የኔም እናት ተሠርታ ድናለች» ያሉሽን ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ። የእኔ እናት ነገር ቁርጥ የአንቺ ነው። ስለዚህ በተራ ቁጥር ልጻፍልሽ።

1. ቀጠሮውን አትሰርዢው፣ ግን አራዝሚው። ክልላችን ማዝ አብዝቶ ከሚጠናባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች፣ ፀጉር ወጋኝ እያለች ስትመጣ ባለሙያው ሌላ ነገር አያስብም። አይፈረድበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። በእኛ ግን ልክ አልነበረም።

እማዬ ወረንጦዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምትዞር ሴት ነበረች። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ «እስቲ ይቺን ንቀይልኝ» ትላለች። የተሠራች ቀን ነርሱን «አፌም ይቆስላል፣ ድዴም ይደማል» አለችው። አጠገቧ ቆሜ ነበር። «እማማ፣ እዚህ የምናየው ዓይን ነው» አላት። አለቀ፣ ደቀቀ። የቀኝ ዓይኗ ቆብ ተሠራ። ከዚያ ዓይኗ እሳት መሰለ። ውሎ አድሮ ቆቡ ከነጩ ጋር መጣበቅ ጀመረ። ፀጉሩም ብሶበት ተመልሶ መጣ። ልናመለክት ስንሄድ ምን ቢሉን ጥሩ ነው? «በደንብ ስላላጠባችሁት ነው።» ሌሊት እየተነሣች በፈላ ውሃ ስታጥብ የነበረች እህቴ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ይባስ ብለው ግራውንም እንሥራው አሉ። እማዬን ይዤ ውልቅ!

ኋላ ያገኘነው የዓይን ስፔሻሊስት ሲያስረዳን እንዲህ አለ። ማዝ ከኢንፌክሽን የሚመጣ ነው፤ ኢንፌክሽኑ እየተመላለሰ ጠባሳ ይጥላል፣ ጠባሳው ቆቡን ይቀለብሰዋል። በእማዬ በሽታ፣ በፔምፊጎይድ ግን፣ ሰውነት የገዛ ራሱን የአፍና የዓይን ስስ ሽፋን ጠላት ነው ብሎ እየተዋጋ ነው። ውጊያው ሳይበርድ ምላጭ ከገባ የባሰ ይቆጣል፣ ጠባሳውም ይፈጥናል። መጀመሪያ በሚዋጥ መድኃኒት ይበርዳል፤ ቆቡ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያው የሚወጋውን ፀጉር ባለሙያ ይንቀልላት።

2. የታችኛውን ቆብ እዩ። በረንዳ ላይ፣ ብርሃን ወዳለበት አስቀምጫት። ወደ ላይ ትይ፤ አንቺ የታችኛውን ቆብ በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ወደ ታች ሳቢው። ጤነኛ ዓይን ላይ ቆቡና ነጩ የሚገናኙበት ቦታ ጎድጎድ ያለ ኪስ አለው። የእማዬ ኪስ ሞልቶ ጠፍቶ ነበር። በእሱ ፈንታ ከቆቡ ወደ ነጩ የተወጠረ፣ ነጣ ያለ ቀጭን ክር ይታይ ነበር። ዓይኗን ስታዞር አብሮ ይሳባል። ማዝ ጠባሳውን በብዛት የሚጥለው የላይኛው ቆብ ውስጥ ነው፤ ይሄኛው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከታች ነው። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ስለሚችሉ ፍርዱን ለሐኪሙ ተዪለት፤ አንቺ ፎቶ አንሺና አሳይው። የተጣበቀውን በጣት ላላቅቅ እንዳትዪ።

3. ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ። ውሃ የቋጠረው ቀጠሮ እስኪደርስ ፈንድቶ ይደርቃል። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ የሚታየው ጠባሳ ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ «አልማዝ ባለጭራ ነው» ያሉን አሉ። «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ያመጣም ዘመድ አለ፣ እግዜር ይስጠው። እኔ በስልኬ የድዷን፣ የጀርባዋን፣ የዓይኗን ፎቶ ከነቀኑ አስቀመጥኩ። የትኛው መቼ እንደጀመረ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደች በአንድ ገጽ ጻፍኩ። የቆዳ ሐኪሙ ገጹን አይቶ «ምነው ሁሉም ታማሚ እንዲህ ቢያደርግ» አለኝ። ይቺን ያልኩት ልኮራ ብዬ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ልኮራ ብዬ ነው።

ለዓመታት የዓይን ግፊት ጠብታ ስትጠቀም ከነበረም ጻፊው። አንዳንዱ የግላኮማ ጠብታ ይህን በሽታ የሚመስል ጠባሳ ያመጣል።

4. ሁለቱ ሐኪሞች ካልተነጋገሩ ምንም የለም። የቆዳው «ዓይኑን ለዓይን ሐኪም» ይላል። የዓይኑ «ቆዳውን ለቆዳ ሐኪም» ይላል። እናትሽ መሀል ላይ ዓይኗን ታጣለች። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሁለቱም ሐኪሞች አሉ፤ የዓይን ክፍሉ ስፔሻሊስት የሚያሠለጥን ነው። ከዚያ ካለፈ አዲስ አበባ ያለው አለርት በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

ችግሩ እዚያ መድረሱ ነው። በጤና መድን የምትታከሚ ከሆነ የሪፈሩን ነገር ታውቂዋለሽ። አንድ ቢሮ አለ፣ የት እንደሆነ አልጽፍም፣ ማኅተም የሚመታበት። ሰውየው ወረቀቱን ገልብጦ አየና «የቆዳ በሽታ ይላል፣ ዓይን ክፍል ምን ልትሠሩ ነው?» አለን። አስረዳሁት። «ሐኪም ነህ?» አለኝ። «አይደለሁም፣ ልጇ ነኝ» አልኩት። «እንግዲያው ሐኪም ይጻፍልህ» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። እማዬ ደረጃው ላይ ብርሃኑ እየወጋት ነጠላ ተከናንባ ተቀምጣለች። ተመለስኩ፣ የቆዳ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «በሽታው ዓይንን ያጠቃል፤ በአስቸኳይ ይታይ» ብሎ አንዲት መስመር በእስክሪብቶ ጨመረበት። ያቺ መስመር መስኮቱን አስከፈተችው። አንቺም ዛሬውኑ አስጽፊያት። እኔ የሁለቱን ሐኪሞች ስልክ አለዋውጬ ነው የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቱን መጠን ሲቀይሩ ይደዋወላሉ።

5. ወረቀቱ ላይ ፔምፊገስ ይላል ወይስ ፔምፊጎይድ? ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደሉም። ፔምፊገስ ዓይን ሲነካ ብዙ ጊዜ ያቀላል፣ ያቃጥላል፣ ጠባሳ ግን እምብዛም አይጥልም። የአፍና የዓይን ሽፋን የሚያጠቃው የፔምፊጎይድ ዓይነት ግን ጠባሳ ይጥላል፣ ዓይን ያጠፋል።

ናሙና ሲወሰድ ጠይቂ። የገዛ ሰውነቷን የሚዋጋውን ፀረ እንግዳ አካል የሚያሳየው ልዩ ምርመራ፣ ፎርማሊን በሚባለው በተለመደው የናሙና ማቆያ ውስጥ በገባ ናሙና አይሠራም፤ የራሱ ፈሳሽ አለው። የእማዬን ፎርማሊን ውስጥ ከተቱትና ድጋሚ ተቆረጠች። የሚወሰደውም ከቁስሉ ላይ ሳይሆን ከአጠገቡ ካለው ደህና ቆዳ ወይም ከአፍ ውስጥ ነው። ውጤቱ ነጌቲቭ ቢመጣ በሽታው የለም ማለት አይደለም።

6. መድኃኒቱ። በሽታው በጠብታ ብቻ አይቆምም፤ ይህን ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ፋርማሲ ሄዶ ያለ ማዘዣ ዴክሳሜታዞን ጠብታ መግዛት ለጊዜው መቅላቱን ያስታግሣል፤ ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። የሚዋጠው ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት የቲቢ፣ የጉበት ቫይረስና የሰገራ ምርመራ ይደረግላት። ስኳሯና ደም ግፊቷም ይታይ። ከተጀመረ በኋላ በድንገት አይቋረጥም። እማዬ ፊቷ ሲያብጥ ጎረቤት «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» አላት፤ እሷም ደስ አላት፣ ምን ትያለሽ።

ለእሷ የታዘዘላት ዳፕሶን ነው። ፋርማሲ ያለው ልጅ ሰው እየሰማ «ይሄ እኮ የሥጋ ደዌ መድኃኒት ነው» አለ። አዎ፣ ለሥጋ ደዌም ይሰጣል፤ ለዚህም ይሰጣል። እማዬ ግን ቤት ገብታ አልውጥም አለች። ያግባባት የንስሐ አባቷ ናቸው። «ጸበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ» አሏት። የጾሙንም ነገር እሳቸው ፈቱላት፤ ፕሬድኒሶሎን በባዶ ሆድ አይሆንማ። ዳፕሶን ቀይ የደም ሴል ስለሚሰብር አስቀድሞ ጂ ሲክስ ፒዲ የሚባል የደም ምርመራ አለ። ከጀመረችም በኋላ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ደሟ በየጊዜው ይታያል። ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ሳትውዪ ሳታድሪ ውሰጃት። ዳፕሶን ያልበቃው ሜቶትሬክሴት፣ ማይኮፊኖሌት፣ ሲብስም ሳይክሎፎስፋማይድ ወይም ሪቱክሲማብ ይሰጠዋል። የመጨረሻው ዋጋው አይቀመስም።

የእንባ ጠብታ ስትገዢ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ጠይቂ፤ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚጨመር ኬሚካሉ ራሱ ዓይን ይጎዳል። ማታ ቅባት። ምጣድ ላይ አትቀመጥ፤ ጭሱ ለደረቀ ዓይን መርዝ ነው። እጣኑንም ራቅ አድርጉት። አፏ እስኪድን በርበሬና ቆሎ ይቅር፤ አልጫና የአጃ አጥሚት ይስማማታል።

አሁን የእማዬ ግራ ዓይን ተርፏል። በእሱ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፣ እኔን አስንቃ። ቀኙ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም። ዓመት ሙሉ ሳይቆጣ ከቆየ ቆቡን እናየዋለን ብለዋታል፤ አትቸኩልም።

ቀጠሮሽ መቼ ነው? ወረቀቱን ስሟን ሸፍነሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። የማኅተሙ ቢሮ ካስቸገረሽ ከሰዓት በኋላ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ሰውየው አሁን ገና ከሩቅ ሲያየኝ መስኮቱን ይከፍታል።