ስድስተኛው ረድፍ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ባለፈው ወር ከአንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አጭር ደብዳቤ ደረሰኝ። ሰላምታዋና ምስጋናዋ ሦስት መስመር ሲሆን ጥያቄዋ ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ከ20 ዓመት በፊት በካይቶሳን ስለተሸፈኑ የብር ናኖ ቅንጣቶች ባሳተሙት ጽሑፍ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ብር የሌለበት ካይቶሳን ብቻውን የተፈተነበት ማነጻጸሪያ ለምን የለም?» ትላለች። ወዲያው ልመልስላት ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ የጻፍኩትን ቀደድኩት። እውነተኛው መልስ ከአንድ ተማሪ ይልቅ ወደዚህ ሙያ የምትገቡትን ሁላችሁንም የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት፣ ለእሷ የጀመርኩትን ለእናንተ እጨርሰዋለሁ።

እኔ በሥልጠናዬ የባዮፖሊመር፣ ማለትም ሕያዋን የሚሠሯቸው ረጃጅም ሰንሰለታማ ሞለኪውሎች፣ ኬሚስት ነኝ። ወደ ሙያው የገባሁት በሽሪምፕና በሸርጣን ቅርፊት በኩል ነው። ቅርፊቱ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ ካልሲየም ካርቦኔቱ እየፈላ ይወጣል፤ ቀጥሎ በቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፕሮቲኑ ይታጠባል፤ የሚቀረው ካይቲን ነው። ካይቲኑን በወፍራምና በትኩስ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲያበስሉት ከሰንሰለቱ ላይ የአሴቲል ቡድኖቹ ይረግፉና ካይቶሳን ይገኛል። የዚያ ሽታ ከነጭ ካፖርቴ ላይ ለዓመታት አልለቀቀም፤ ባለቤቴ ካፖርቱን ከበር ውጭ እንድሰቅለው ታደርገኝ ነበር። ይህን የማነሳው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ቁሱን በእጄ ከቅርፊት ጀምሬ ስለሠራሁት ወደድኩት፤ የወደድኩትንም ነገር መጠርጠር አልቻልኩም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ናኖ የሚለው ቃል፣ ማለትም በሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ የሚለካ ትንሽነት፣ ያልገባበት የምርምር ማመልከቻ ተቀባይ አልነበረውም። ምክንያቱ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። 1 ግራም ብር አንድ ድቡልቡል ኳስ ሆኖ ቢሠራ የገጹ ስፋት ወደ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ያው 1 ግራም 10 ናኖ ሜትር ስፋት ባላቸው ቅንጣቶች ቢከፋፈል ግን ጠቅላላ ገጹ ወደ 57 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ አረጋግጡት። ብር ባክቴሪያ የሚገድለው በዋናነት ገጹ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ወደ ውሃው በሚለቀው አዮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙሌት በያዘ የብር አቶም፣ በመሆኑ፣ ያ ሁሉ ገጽ ለሚፈልጉት ሰዎች በረከት፣ ውሃ ውስጥ ለሚኖሩት ፍጡራን ደግሞ ሥጋት ነበር። እኔም በረከቱን ከሥጋቱ አስታርቃለሁ ብዬ ተነሳሁ። ቅንጣቶቹን በተፈጥሮ ፖሊመር እሸፍናለሁ፤ ሽፋኑ ጉዳት የለውም፤ ጉዳት ከተገኘም የብሩ ይሆናል። ሙከራውን ስጀምር ድምዳሜው በጭንቅላቴ ተጽፎ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል።

ፈተናው በዳፍኒያ ላይ ነበር። የውሃ ቁንጫ የምትባለዋ ይህች ፍጡር ስትወለድ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስትሆን፣ ሰውነቷ እንደ መስታወት የሚያሳይ በመሆኑ የልቧ ምት በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ኦኢሲዲ የተባለው የአገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት ያወጣው 202ኛ የፈተና መመሪያ ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸውን እንድንወስድ፣ ለእያንዳንዱ መጠን ቢያንስ 20 እንድንመድብና ለ48 ሰዓት እንድንከታተል ያዛል። ቢከሩ በቀስታ ተነቅንቆ በ15 ሰከንድ ውስጥ ያልዋኘችው ዳፍኒያ እንደማትንቀሳቀስ ትቆጠራለች። ስድስት ረድፍ ደረደርን፤ በእያንዳንዱ ረድፍ አራት ቢከር፣ በእያንዳንዱ ቢከር አምስት ዳፍኒያ። የመጀመሪያው ረድፍ ንጹሕ የፈተና ውሃ ነበር። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው መጠኑ እየጨመረ የሚሄድ በካይቶሳን የተሸፈነ ብር የያዙ ነበሩ፤ ቀለማቸው ከፈዛዛ ሎሚ ቀለም እስከ ደማቅ ቢጫ ይደርስ ነበር። ስድስተኛው ረድፍ ብር የሌለበት፣ በአምስተኛው ረድፍ የነበረውን ያህል ካይቶሳንና አሴቲክ አሲድ ብቻ የያዘ ነበር። እሱን የጨመርኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሠንጠረዡ የተሟላ እንዲመስል ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የቤተ ሙከራ ረዳቴ ከእኔ ቀድማ ገብታ ነበር። ስደርስ የሰዓት መቁጠሪያውን በእጇ እንደያዘች ስድስተኛው ረድፍ ፊት ቆማ አገኘኋት።

«ዶክተር፣ ይሄኛው ረድፍ ልክ አልመጣም» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከ20ዎቹ 17ቱ ታች ተኝተዋል። አንዷ አንቴናዋን ታርገበግባለች፤ ግን ከቦታዋ አትነሳም። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ቀለም የለው፣ ብር የለው። ረዳቴ ቢከሩን ነቀነቀችና እስከ 15 ድረስ ጮክ ብላ ቆጠረች፤ ቁጥሩ ዛሬም በጆሮዬ አለ።

«ቢከሮቹ በደንብ አልታጠቡም ይሆናል» አልኳት።

«እኔ ራሴ ነኝ ያጠብኳቸው። ሁሉንም በአንድ ላይ ነው ያጠብኩት፤ የመጀመሪያው ረድፍ ደኅና ነው።»

«እንግዲያው ደካማ ዳፍኒያዎች ደርሰውት ይሆናል።»

«ሁሉም የተቀዱት ከአንድ ዕቃ ነው» አለችና ትንሽ ዝም ብላ፣ «ፒኤቹን በወረቀት ለክቼዋለሁ፤ 5 ነው» ስትል ጨመረች።

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ፊቴ ተዘርግቶ ነበር። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ከ7 ባነሰ ቁጥር አሲድነቱ ይበዛል። ካይቶሳን የሚሟሟው አሲድ ውስጥ ነው፤ ፒኤቹ ከ6.5 ገደማ ሲወርድ በሰንሰለቱ ላይ ያሉት የአሚን ቡድኖች ፕሮቶን ተቀብለው አዎንታዊ ሙሌት ይይዛሉ። ዓሣ የሚተነፍስበትን አካል ጨምሮ የሕያዋን ሥስ ገጽታ አሉታዊ ሙሌት ስለሚያመዝንበት፣ አዎንታዊ ሙሌት ያላቸው ፖሊመሮች እንደ ሙጫ ይጣበቁበታል። የካይቶሳን አንዱ ጥቅም ራሱ ደፍራሽ ውሃ ውስጥ ያለውን ደለልና ዋቅላሚ አጣብቆ ወደ ታች ማውረድ ነው። ይህን ለተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ይኸው አሲድና ይኸው ካይቶሳን በብሩ ረድፎች ውስጥም እንዳለ ለማሰብ ደግሞ ኬሚስት መሆን እንኳ አያስፈልግም።

ጽሑፉን የምናቀርብበት ጊዜ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። «ድፊው» አልኳት። አልደፋችውም፤ እጇን አጣጥፋ ቆመች። አራቱንም ቢከር እኔው ራሴ አንስቼ አንድ በአንድ ማጠቢያው ውስጥ ገለበጥኳቸው። አንድም ቃል አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ስለዚያ ረድፍ አንስታብኝ አታውቅም፤ ብታነሳው ደግሞ እንደምቆጣ ታውቅ ነበር መሰለኝ።

ጽሑፉ ወጣ። መርዛማነቱ የመጣው ከብሩ ቅንጣቶች ትንሽነት ነው ይላል። ተጠቀሰ፤ እስካሁንም ይጠቀሳል።

በ2007፣ በዚያው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ አንድ ምሽት ስለ ሲ60፣ ማለትም 60 የካርቦን አቶሞች እንደ ኳስ ስለተያያዙበት ፉለሪን፣ የወጣ ጥናት አነበብኩ። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ዓለምን ያነጋገረ ሌላ ጥናት ነበር፤ ፉለሪን ባለበት ውሃ ውስጥ ለ48 ሰዓት የቆዩ ዓሦች በአንጎላቸው ስብ ላይ ጉዳት ታይቷል የሚል። ፉለሪን ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ብዙዎች በመጀመሪያ ቴትራሃይድሮፊውራን በሚባል ፈሳሽ ያሟሙት ነበር። የ2007ቱ ጥናት የዜብራ ዓሣ ጫጩቶችን ወስዶ፣ ፉለሪኑን ያለዚያ ፈሳሽ በውሃ ብቻ እያማሰለ፣ ፈሳሹንም ያለ ፉለሪን ለብቻው ፈተነ። የሞቱን ምክንያት ያገኘው በፉለሪኑ ላይ ሳይሆን ፈሳሹ ሲበላሽ በሚፈጥረው ጋማ ቡታይሮላክቶን ላይ ነበር። ንባቤን አቁሜ ተነሳሁና መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ያ ጥናት የእኔን ስድስተኛ ረድፍ ነው የሠራው፤ ልዩነቱ እነሱ አለመድፋታቸው ነው።

በማግሥቱ ለማንም ሳልነግር ሙከራውን ደገምኩት። ፒኤቹን ወደ 7.5 አስተካክዬ ስጀምር ግማሾቹ ዳፍኒያዎች መዋኘታቸውን ቀጠሉ። በቀሩት ላይ ግን በማይክሮስኮፕ ያየሁት አልጠፋኝም፦ አሲዱ ሲቀንስ ካይቶሳኑ ነጭ ብናኝ ሆኖ ከውሃው ተለይቷል፤ ብናኙም በመዋኛ አንቴናቸው ፀጉሮች መካከል እንደ ጥጥ ተጠምጥሟል፤ ልባቸው ይመታል፣ እነሱ ግን መነሳት አልቻሉም። ከብሩም ረድፍ ውሃውን በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሬ ቅንጣቶቹን ካወጣሁ በኋላ የቀረው ውሃ ብቻውን ገዳይ ነበር፤ ማለትም ከጉዳቱ ብዙው ከተሟሟው የብር አዮን እንጂ ከቅንጣቱ አልነበረም። እንግዲህ ጽሑፌ አንድ ሳይሆን ሁለት ቦታ ላይ ስቷል። ይህን ሁሉ በደብተሬ ጻፍኩ። አላሳተምኩትም። የማዕረግ ዕድገቴ በሂደት ላይ ነበር፤ ሌሎች ሰዎች መድረሳቸው አይቀርም ብዬም ራሴን አጽናናሁ። ደርሰውበታልም፤ ዛሬ የተሟሟ የብር አዮን ብቻ የሚሰጥ የብር ናይትሬት ማነጻጸሪያ፣ የሽፋኑ ማነጻጸሪያና የተጣራው ውሃ ማነጻጸሪያ የሌለበትን ጽሑፍ ብዙ ገምጋሚዎች ይመልሱታል። ይህ ግን የእኔን ዝምታ አያነጻውም።

ጓንት አድርጉ፣ መለኪያችሁን አስተካክሉ የሚለውን አልነግራችሁም፤ የምታውቁት ነው። ሌላ ነገር ግን አስተውላለሁ። የዛሬ ወጣቶች ሥራቸውን ሊያሳዩኝ ሲመጡ በቅድሚያ የሚያወጡት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ነው፤ ፎቶው ያማረ ነው፣ ቅንጣቶቹ እንደ ዶቃ ተደርድረዋል። ያ ፎቶ ግን የደረቀ ናሙና ነው። በውሃው ውስጥ ከአንድ ቀን በኋላ ምን ይመስላሉ ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ አልለኩትም። ሲትሬት በሚባል ጨው ተሸፍኖ የተረጋጋው ቢጫ የብር ናኖ ቅንጣት ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ቅንጣቶቹን የሚያራርቀው የሙሌት ግፊት ይዳከምና ተጠራቅሞ ግራጫ ይሆናል። ክሎራይድ ሲያገኝ የማይሟሟ ጨው ያበጃል፤ ኦክስጅን በሌለው የፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ከሰልፋይድ ጋር ተዋሕዶ ወደ ብር ሰልፋይድ ይለወጣል፤ ያም እጅግ የማይሟሟ በመሆኑ መርዛማነቱ በብዙ ይቀንሳል። ከአፈር የሚመጣው ሂዩሚክ አሲድ ደግሞ ገጹን ይሸፍነዋል። ወንዝ የሚደርሰው እንግዲህ እናንተ የሠራችሁት ቅንጣት አይደለም፤ የልጅ ልጁ ነው ብትሉ ይቀላል። የምትፈትኑት የትኛውን እንደሆነ ቁረጡ።

«ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል በተመለከተ ከማንም በላይ የተጎዳሁት እኔ ስለሆንኩ ትዕግሥት የለኝም። ስታርችና ሴሉሎስ ሁለቱም ከግሉኮስ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ በአልፋ፣ ሌላው በቤታ ትስስር ስለተያያዙ ብቻ አንዱን የእኛ ኢንዛይም ይፈጨዋል፣ ሌላው ሳይነካ ያልፋል። ፖሊላክቲክ አሲድ ከዕፅዋት ስኳር ይሠራል፤ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ የማዳበሪያ ማብላያ ውስጥ ሲፈርስ በቀዝቃዛ የባሕር ውሃ ውስጥ ግን ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ባክቴሪያዎች ራሳቸው የሚያከማቹት ፖሊሃይድሮክሲቢውቲሬት በአንጻሩ አፈርም ባሕርም ውስጥ የሚበላው ያገኛል። የቁሱን ጠባይ የሚወስነው ትስስሩ፣ ሙሌቱና የገባበት ውሃ እንጂ የተወለደበት ቦታ አይደለም።

አትቸኩሉ ልላችሁ አስቤ ነበር፤ ስጽፈው ግን አላመንኩበትም። እኔን የጎዳኝ መቸኮሌ ብቻ አይደለም፤ ከ2007 ወዲህ የነበረኝ ጊዜ ረጅም ነበር፤ ሳልቸኩል ነው ዝም ያልኩት። ስለዚህ የሚያሳፍረውን ውጤት ሳይቀዘቅዝ አውጡት እላለሁ፣ ምንም እንኳ ይህን ከእኔ መስማት የሚያስቅ ቢሆን። ፎቶ ወዳድ ስላልኳችሁ ደግሞ ቅር አይበላችሁ፤ ለ20 ዓመት አንድም የሙያ አጋሬ ያልጠየቀኝን ጥያቄ የጠየቀችው ከእናንተው አንዷ ናት።

ለተማሪዋ ዛሬ መልሻለሁ። ረድፉ ነበረ፤ ደፋሁት፤ በ2007 ደግሜው ምክንያቱን አውቄያለሁ ብዬ ጽፌላታለሁ። ለመጽሔቱ አዘጋጆችም የእርማት ደብዳቤ ከደገምኩት ሙከራ ቁጥሮች ጋር ልኬያለሁ፤ ያትሙት አያትሙት ገና አልታወቀም። የያኔዋን ረዳቴን አፈላልጌ ስልኳን አግኝቻለሁ፤ አልደወልኩም፤ ከዚህ ደብዳቤ በኋላ እደውላለሁ። ለተማሪዋ የዚያን ጠዋት የደብተር ገጽም ፎቶ አንስቼ ጨምሬላታለሁ። በስድስተኛው ረድፍ ፊት ለፊት በረዳቴ ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፍ «17 ከ20፤ ፒኤች 5፤ ቢከሮቹ ታጥበዋል» ይላል። በላዩ ላይ በእኔ ቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ መስመር አለ፤ ቁጥሮቹ ግን ከሥሩ ይነበባሉ።