የማህበራዊ ሠራተኛዋን ደመወዝ አስቀድሙ

እህታችን፣ ደሴ ላይ ከጓደኞችዎ ጋር ያስመዘገባችሁት ማህበር ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆች ደብተርና ምሳ ከኪሳችሁ እየሸፈነ መቆየቱን ገልጸው፣ ቋሚ ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ ጠይቀዋል። እኔም አዳማ ውስጥ የእናንተን በመሰለ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት በፕሮጀክት አስተባባሪነት ስለምሠራ፣ ያየሁትን ላካፍልዎት።

አንደኛ፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም ብላችሁ ብዙ አትድከሙ። ጳጉሜን ሲገባ ነጋዴውም ባንኩም ውጭ አገር ያለው ወገንም ደብተር ይሰጣል፤ ለገናና ለፋሲካም ዘይትና ዱቄት የሚያመጣ አይጠፋም። ነጋዴ ዘንድ ስትሄዱ ሕጋዊ ደረሰኝ መያዛችሁን ብቻ አረጋግጡ፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ገንዘብ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ ተቀናሽ እንዲሆን ስለፈቀደ፣ ነጋዴው ደረሰኙን ይፈልገዋል። ፈልጋችሁ የምታጡት የሰው ደመወዝ የሚከፍልላችሁን ነው፤ የልጆቹን ኑሮ የሚለውጠው ግን እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያ በምታገኙት ቋሚ ገንዘብ አንዲት ማህበራዊ ሠራተኛ ቅጠሩ። እኛ ዘንድ ደብተሩን በመስከረም ተቀብሎ ከጥቅምት ጀምሮ ከትምህርት ገበታ የቀረ ልጅ ነበር። ሠራተኛችን ቤቱ ስትሄድ ቦርሳው ከነደብተሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እናቱ ጠዋት ጉሊት ስለምትወጣ ሕፃኗን እህቱን የሚጠብቃት እሱ ነው። የእናቲቱ የቀበሌ መታወቂያ ጊዜው በማለፉ ለሴፍቲኔት፣ ማለትም መንግሥት ለችግረኛ ቤተሰቦች ለሚሰጠው ድጋፍ፣ ምልመላ አልቀረበችም፤ የጤና መድን አባልም አልሆነችም። ሠራተኛችን መታወቂያው እንዲታደስ አብራት ተመላለሰች፣ ምልመላው ዳግም ሲካሄድ ስሟ እንዲገባ አደረገች፣ ሕፃኗን የምትይዝ ጎረቤትም አፈላለገች፤ ልጁ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ከታቀፉት 11 ከተሞች መካከል አዳማም ደሴም ስላሉበት፣ የእናንተ ሠራተኛ ይህንኑ መንገድ ልትሄድበት ትችላለች። እኛ ለዚያ ቤተሰብ በየወሩ የምንሰጠው ገንዘብ አልነበረንም፤ ከመንግሥት የሚገባቸውን እንዲያገኙ ያደረገው የእሷ እግር ነው።

ሦስተኛው ስለ ሪፖርት ነው፤ እዚህ ላይ የደረሰብን በደል ዛሬም ያንገበግበኛል። የዓመቱን ሪፖርታችንን የተቀበለው ቢሮ የዚህችን ሠራተኛ ደመወዝ በሙሉ በአስተዳደር ወጪነት ቆጠረውና ሕጉን ጥሳችኋል አለን። ባለሙያው እንድንቀመጥ እንኳ ሳይጋብዘን፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ «ደመወዝ ደመወዝ ነው» ብሎ ወረቀታችንን መለሰልን። በቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ለአስተዳደር ወጪ የሚፈቀደው ገደብ 30 በመቶ ሆኖ፣ የመስክ መጓጓዣና ሥልጠና ሳይቀር በአስተዳደር ወጪነት ይያዝ ስለነበር፣ ይህ አስተሳሰብ በብዙ ቢሮዎች እስካሁን አልጠፋም። እሱን የተካው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ገደቡን ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢያደርገውም፣ የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ተግባራት ጋር ግንኙነት የሌለው ወጪ መሆኑን በትርጓሜው ላይ አስፍሯል። ቤት ለቤት እየዞረች ልጆችን የምትከታተል ሠራተኛ ደግሞ ፕሮጀክቱ ራሱ ናት። የአዋጁን ገጽ ቅጂ፣ የቅጥር ደብዳቤዋን፣ በቀንና በፊርማ የተሞላውን የጉብኝት መዝገቧንና ደመወዟ በፕሮጀክት ተግባር ሥር የተያዘበትን የበጀት ሰንጠረዥ አያይዘን ለኃላፊው በጽሑፍ አቤት አልን። ብዙ ቢያጉላሉንም በመጨረሻ ውሳኔውን አስቀይረናል፤ በዚህም እኮራለሁ፤ ጠበቃ አልቀጠርንም፣ አማላጅም አልፈለግንም።

የደመወዟን ምንጭ በተመለከተ ዕድሮችን ያስቀድሙ። እኛ የጠቅላላ ጉባኤያቸው ቀን እየጠበቅን ሄድን፤ ንግግሩንም ሠራተኛዋ ራሷ የማንንም ቤተሰብ ስም ሳትጠራ አደረገች። አባላቱ በወርኃዊ መዋጯቸው ላይ ጥቂት ብር ለመጨመር ተስማሙ፤ ገንዘብ ያዡ በየወሩ በድርጅቱ ሂሳብ ያስገባል፣ እኛም በየሩብ ዓመቱ ወጪውን ከነደረሰኙ ለጉባኤው እናቀርባለን። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ በእጅ አዙር ከዚያ ገንዘብ ይደርሳቸው የነበሩ የምናውቃቸው ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ሲያሰናብቱ፣ የእኛዋ አንድም ወር ደመወዝ አልተቋረጠባትም። ውጭ ያሉ ወገኖች አንድ ልጅ በስም ለይተን እንርዳ ሲሏችሁም ገንዘቡ ወደ ጋራ ሂሳብ እንዲገባ አግባቧቸው፤ አለበለዚያ አንዱ ሰው ሥራ ሲያጣ አንዱ ልጅ ምሳ ያጣል።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሳይጀምር የቅጥር ደብዳቤው ላይ «የቤት ለቤት ጉብኝትና የሕፃናት ክትትል» የሚለው ተግባር በግልጽ እንዲጻፍ አድርጉ። የእኛን የጉብኝት መዝገብ ቅጽ ከፈለጉት በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፤ እልክልዎታለሁ።