ውሉ የማን መሳቢያ ውስጥ ነው? የዩኒቨርሲቲ ግዥ ጥያቄዎቻችሁ

ዩኒቨርሲቲዎች ከአቅራቢዎች ጋር የሚዋዋሉትን ሁሉ በአንድ ማዕከላዊ ሲስተም ስለመያዝ ከጻፋችሁልኝ ውስጥ አምስቱን መርጫለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ይቅርታ።

ግዥ የምንፈጽመው በኢጂፒ (በመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሲስተም) ነው። ጨረታውም አሸናፊውም እዚያ አለ። አለቃችን ግን ሌላ የውል መዝገብ አዘጋጁ ይለናል። ድርብ ሥራ አይሆንም? (የግዥ ባለሙያ)

ኢጂፒ ላይ ያለውን ውል ደግማችሁ ከጻፋችሁት አዎ፣ ድርብ ሥራ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያዙ። ችግሩ ያለው ኢጂፒ ከመምጣቱ በፊት በወረቀት የተፈረሙት ላይ ነው። የጥበቃው፣ የጽዳቱ፣ የጄኔሬተር ጥገናው፣ በየዓመቱ በደብዳቤ እየተራዘመ የመጣው ሁሉ፣ አንዱ ግዥ ክፍል፣ አንዱ ጠቅላላ አገልግሎት፣ አንዱ ሕግ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዋስትናው ነው። አቅራቢው ሲፈርም የውል ማስከበሪያ ያስይዛል፣ ብዙ ጊዜ የውሉን ዋጋ 10 በመቶ። ያ የባንክ ወረቀት የራሱ ማብቂያ ቀን አለው። አቅራቢው ይዘገይና «ሁለት ወር ጨምሩልኝ» ይላል፣ ማኔጅመንቱ ይፈቅዳል፣ ደብዳቤው ይወጣል፣ ዋስትናውንም አራዝመህ አምጣ የሚለው ሰው ግን የለም። ከዚያ ሰውዬው ይጠፋል። ባንክ ስትሄዱ ጊዜው አልፏል ትባላላችሁ፣ ባንኩም ልክ ነው። ስለዚህ የውሉና የዋስትናው ማብቂያ ለየብቻ ይመዝገቡ፣ ማስታወሻውም ዋስትናው ሊያልቅ ወር ከምናምን ሲቀረው ይምጣ።

ደግሞ ቀን! ውሉ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፣ የባንኩ ወረቀት በፈረንጆቹ ይመጣል። የካቲት 5 ቀን 2017 ብላችሁ በቁጥር 05/06/2017 ካስገባችሁት ሲስተሙ ጁን 2017 ብሎ ያነበዋል፣ ውሉም ገና ሳይጀመር ከሰባት ዓመት በፊት ያለቀ ይሆናል። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና ሁሉንም በእሱ አስገቡ።

ሪኤጀንት (የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል) ሲያልቅብን በፕሮፎርማ፣ ማለትም ያለ ግልጽ ጨረታ ከጥቂት አቅራቢዎች ዋጋ ሰብስበን እንገዛለን። ሌላው ካምፓስ ለዚያው ዕቃ የዓመት ውል እንዳለው የሰማነው ዘግይተን ነው። ጥፋቱ የማን ነው? (የላብራቶሪ ኃላፊ)

ጥፋተኛ ፍለጋው ውስጥ አልገባም። ግን ተጠንቀቁ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ በዓመት ውስጥ ደጋግማችሁ በፕሮፎርማ ስትገዙ ኦዲተሩ ጨረታ ለመሸሽ ግዥ ከፋፈሉ ብሎ ሊጽፍባችሁ ይችላል። የጋራ መዝገብ ቢኖር የግዥ ጥያቄ ከመሙላታችሁ በፊት የዕቃውን ስም ትፈልጉ ነበር። እሱም ቢሆን የሚሠራው ስሙ አንድ ከሆነ ነው። አንዱ ካምፓስ «ኤታኖል»፣ ሌላው «አልኮል»፣ ሦስተኛው «ልዩ ልዩ ኬሚካል» ብሎ ከጻፈ ምንም አታገኙም። «ልዩ ልዩ» የሚለውን ቃል ከዚህ መዝገብ ባስወጣው ደስ ይለኛል። ውሉን ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ ስንት እንደቀረው ጠይቁ፣ መጠኑ አልቆ ሊሆን ይችላል።

ለተማሪዎች ካፌ ዳቦ አቀርባለሁ። ክፍያዬ ሁልጊዜ ይዘገያል። ሲስተም ቢገባ ይፈጥንልኛል? (አቅራቢ)

ሲስተም ብር አያመጣልዎትም። የት ጋ እንደቆመ ግን ያሳይዎታል። ብዙ ጊዜ ፋይናንስን ያማርራሉ እንጂ ወረቀቱ ፋይናንስ አልደረሰም፣ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ሳይቆረጥ ወይም የርክክቡ ቁጥርና የደረሰኝዎ ቁጥር ሳይገጥም ታች ቀርቷል። ዳቦ በየቀኑ ነው የሚገባው፣ ተማሪው ለእረፍት ሲወጣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ወር መጨረሻ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። በየቀኑ ያስረከቡትን እያስፈረሙ አንድ ቅጂ እርስዎ ጋ ያስቀሩ።

ሁሉም ሠራተኛ ውሎቹን ማየት አለበት?

ማየት አዎ፣ የሕዝብ ገንዘብ ነው። መቀየር ግን ሁለት ሰው ይበቃል። የአቅራቢው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይሸፈን።

ጋሼ፣ አይሲቲ ክፍል ነኝ። የውል ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ሥሪ ተብያለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ከኮዱ አትጀምሪ፣ ከኤክሴል ጀምሪ። በሥራ ላይ ያሉትን ውሎች ብቻ ሰብስቢ፣ የፊርማው ገጽ ብቻ ሳይሆን ስፔሲፊኬሽኑና አባሪዎቹም ስካን ይደረጉ። በኋላ ጠብ የሚነሳው ከእነሱ ነው። ሰኔ ላይ እንዳትሞክሪው፤ በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም። ጥቅምት ይሻልሻል።

አንድ ዓምድ ላይ ግን ድርቅ በይ፦ «ውሉን የሚከታተለው»። ሁሉም «ግዥ ክፍል» ብሎ ሊሞላልሽ ይፈልጋል። ግዥ ክፍል ሲፈረም ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ወደ ቀጣዩ ጨረታ ይሄዳል። ጽዳቱ መጽዳቱን የሚያውቀው የተማሪዎች መኖሪያ ኃላፊ ነው፣ ስለዚህ እሱ ይጻፍ። የሰው ስም ሳይሆን የሥራ መደቡን አስገቢ፣ ሰው ይዛወራል። ያ ዓምድ ባዶ የሆነበትን ውል ሁሉ ለይተሽ ለፕሬዚዳንቱ ቢሮ ላኪ። ስለ ኮዱ ከዚያ በኋላ ጻፊልኝ።