60 ልጅ፣ አንድ ጠመኔ፦ ምን ላሠራቸው?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቅርቡ ለፕራክቲከም (ለማስተማር ልምምድ) ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት እወጣለሁ። ስለ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ብዙ ተምረናል፤ የምገባበት ክፍል ግን ከ60 በላይ ልጆች እንዳሉበትና ከሰሌዳና ከጠመኔ በቀር ምንም እንደሌለው ሰማሁ። ልጆቹ በእጃቸው የሚሠሩትን ነገር ከየት ላምጣ? ከኪሴ ማውጣት አለብኝ? ይህ ሁሉ ልፋትስ ነገ ሥራ ስፈልግ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የቁሳቁሱ ነገር እንደፈራሽው አይደለም። በሰሜን ሸዋ ገጠር ለታችኞቹ ክፍሎች ሒሳብ፣ ለፊደልና ለአካባቢ ሳይንስ የሚሆን ነገር ደጅ ላይ ሞልቷል። ይበልጥ ልታስቢበት የሚገባው ሌላ ነው። ልጆች እጃቸው ላይ ነገር ስለያዙ ብቻ አይማሩም። ክፍሉ ሙሉ ቆርኪ ሲያንኮሻኩሽ ትምህርት የደመቀ ይመስላል፤ ደወል ተደውሎ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብትያቸው ግን «ቆርኪ ቆጠርን» ይሉሻል። ከመንካታቸው በፊት «ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» በያቸው፤ ከነኩ በኋላ ደግሞ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለሽ አናግሪያቸው። እንቅስቃሴ ስትመርጪም ልጁ ምን እንደሚገምትና ግምቱ የት ላይ እንደሚፈርስ አስቀድመሽ እወቂ። የሚፈርስ ግምት ከሌለበት ለሌላ ቀን አቆይው።

በሒሳብ ልጀምር፤ ልጆች በጊዜ ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነውና። ለ2ኛ ክፍል ልጅ 32 ሲቀነስ 17 ስጪው። ብዙዎቹ 25 ብለው ይጽፋሉ። ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲላቸው ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ስለሚቀንሱ ነው። «ከጎረቤት ተበደር» ብትያቸው ቃሉን ይይዙታል እንጂ ምን እንደተበደሩ አያውቁም። እንግዲህ ስንደዶ ወይም ጭራሮ እኩል እኩል አስቆርጪና አሥር አሥሩን ራሳቸው በክር ይሠሩት። አንቺ አሥረሽ አታምጪላቸው፤ ማሠሩ ራሱ ትምህርት ነው። 32 ሦስት እሥርና ሁለት ነጠላ ይሆናል። አሁን «17 ስጡኝ» በያቸው። አንዱን እሥር ወዲያው ይሰጡሻል። ሰባት ነጠላ ሲፈልጉ ግን ያላቸው ሁለት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ዝም በይ። ለመናገር አፍሽን ይበላሻል፤ ቢሆንም ዝም በይ። እርስ በርስ ይተያያሉ፣ መሬት የወደቀ እንጨት ካለ ብለው ይፈልጋሉ፤ ቆይቶ አንዱ እጁን ወደ ክሩ ይሰድና «ቲቸር፣ ልፍታው?» ይልሻል። ሲፈታው ነጠላው 12 ይሆናል፤ ሰባቱን ይሰጥሻል፣ አምስት ይተርፈዋል፣ አንድ ያልተፈታ እሥር አለው፤ 15። ከዚያ በኋላ መበደርን ሰሌዳ ላይ ስትጽፊው ልጁ በእጁ የፈታውን ክር ነው የሚያየው። ማንም ካልፈታውስ? «እሥሩ ውስጥ ስንት አለ?» ብለሽ ብቻ ጠይቂ፤ ከዚያ አትለፊ።

ለልኬት ስንዝር ይበቃሻል። ሁሉም የዴስኩን ርዝመት በራሱ ስንዝር ይለካ፤ አንዱ ሰባት ሲል ሌላው ዘጠኝ ይላል፤ ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ይንደድ! ዴስኩ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ለምን ተለያየ? እጁ የተለያየ ስለሆነ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። «ሻጩ በትንሽ ክንድ፣ ገዢው በትልቅ ክንድ ቢለኩ ገበያ ላይ ምን ይሆናል?» ብለሽ ስትጨምሪ ሜትር ለምን እንዳስፈለገ ገባቸው ማለት ነው። ያኔ በአንድ ሜትር የተቆረጠ ገመድ ለየቡድኑ ስጪ። ለመቁጠር ደግሞ ደጅ ላይ ጉድጓድ ምሰው ገበጣ ይጫወቱ። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች «ጨዋታ ነው» ብለው ሊቆጡ ይችላሉ፤ ርዕሰ መምህሩን አስቀድመሽ ብታስረጂ ይሻላል።

አንድ ነገር በመሀል ልበል። መንዝ ውስጥ በግ የሚጠብቅ ልጅ ክፍል ውስጥ ዝምተኛ ነው ተብሎ ደካማ እንዳይመስልሽ። ማታ በጉ ሲገባ የጎደለውን ለይቶ ያውቃል፤ ጥቁሩ ስንት፣ ቡናማው ስንት ብትዪው ያለ ወረቀት ይነግርሻል። የመደመርና የመቀነስ ጥያቄሽን ከብርቱካንና ከከረሜላ አውጥተሽ ወደ በግ ብትወስጂው እጁን የሚያወጣው ልጅ ይለወጣል። በአካባቢው ባና፣ ማለትም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠሩ ሰዎች ካሉ ደግሞ የጥለቱ መስመር ድርድርን ለማስተማር ይሆንሻል፤ ሁለት ጥቁር፣ አንድ ነጭ፣ ሁለት ጥቁር፤ ቀጥሎ ምን ይመጣል?

ፊደል ላይ ብዙ መምህራን ገበታውን ሰቅለው በኅብረት ያስጮሃሉ። ልጁ ዜማውን ይይዝና ከመሀል «ቤ»ን ብታሳዪው ግራ ይገባዋል። ጭቃ ተጠቀሚ። የጭቃ ላምና በሬ ሲሠራ ያደገ ልጅ እጁ ዝግጁ ነው። «በ»ን በሁለት እግሩ ይሥሩ። ቀኝ ወገቡ ላይ ትንሽ ቁራጭ ሲለጥፉ «ቡ»፣ ቁራጩ ወርዶ ቀኝ እግሩ ሥር ሲሆን «ቢ»፣ ግራ እግሩ ሲያጥር «ባ»፣ ቁራጩ ተጠቅልሎ ቀኝ እግሩ ሥር ቀለበት ሲሆን «ቤ»፣ ቀኝ እግሩ ሲያጥር «ቦ»። ቀጥለሽ «ለ»ንና «ከ»ን ስጪያቸውና «ሉ እና ኩ ምን ይመስላሉ?» በያቸው። ሳታስተምሪያቸው ይሠሩታል። ያን ጊዜ «ረ»ን አምጪ። ቁራጩን ወገቡ ላይ ይለጥፉታል፤ ገበታው ላይ ያለው «ሩ» ግን እንደዚያ አይደለም። «ፉ»ም እንዲሁ። ለምን እንዳፈነገጡ ይከራከሩ። በዚህ መንገድ ያገኟትን ፊደል አይረሷትም። ጭቃ ካልተመቸሽ በትሪ ላይ የተነጠፈ አመድ ወይም አሸዋ በጣት ለመጻፍ ይሆናል። ከካርቶን የተቆረጡ የፊደል ካርዶችም አዘጋጂ፤ «በ»፣ «ባ» እና «ላ»ን ብቻ ሰጥተሽ ስንት ቃል እንደሚያወጡ ጠይቂ። በላ፣ ላባ፣ ባላ ይወጣሉ።

ለአካባቢ ሳይንስ የምትመደቢበት ቦታ ራሱ ይመርጥልሻል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንዲህ ባለ ደጋ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ውርጭ በሚወርድበት ሰሞን፣ ልጆቹ ማታ በጣሳ ክዳን ውኃ ደጅ ላይ አስቀምጠው ጠዋት ያዩት። ገሚሱ ክዳን ሜዳ ላይ፣ ገሚሱ ጣሪያ ሥር ይሁን፤ የቱ ይረጋል? እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን ማታውኑ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ከወረድሽ ውርጭ አታገኚም፤ እዚያ እርጥብ ጨርቅ ፀሐይና ጥላ ላይ አስጥተሽ የቱ ቀድሞ እንደሚደርቅ፣ ውኃውስ የት እንደገባ ጠይቂ።

ባቄላ ማብቀልን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያበላሹት ግን ባቄላውን አብቅለው እያሳዩ ስለሚጨርሱት ነው። በሦስት ጣሳ ሥሪው፦ አንዱ እርጥብ ሆኖ ብርሃን ላይ፣ አንዱ እርጥብ ሆኖ ጨለማ ውስጥ፣ አንዱ ደረቅ። ልጆቹ ጨለማ ውስጥ ያለው አይበቅልም ብለው ይገምታሉ። ይበቅላል፤ ገርጥቶና ቀጥኖ ወደ ላይ ይመዘዛል። ዘር ለመብቀል ውኃ እንጂ ብርሃን እንደማያስፈልገው፣ ብርሃን የሚፈልገው ከበቀለ በኋላ መሆኑን ከዚያ ይማሩበታል። በደጋ ብርድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ስለሚችል ፕራክቲከምሽ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝሪው፤ አለበለዚያ ሳይበቅል ትመለሻለሽ። ለትንንሾቹ ባቄላም ሆነ ሽምብራ በእጃቸው እንዲቆይ አታድርጊ፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከቱታል።

ሌላው ዱላ ብቻ የሚፈልገው ነው። ሜዳ ላይ ዱላ አቁመሽ ጥላው ጫፍ ላይ ጠዋት፣ በዕረፍት ሰዓትና በቀትር ድንጋይ ያስቀምጡ። ትምህርት ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ቢይዘው የበለጠ ያስገርማል፤ በታኅሣሥ ቀትር ላይ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ በግንቦት ወደ ደቡብ ይዞራል። ሰሜን ሸዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች በግንቦት ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ታደላለች። ልጆቹ ጥላውን እንጂ ፀሐይዋን እንዳያዩ አስጠንቅቂ።

አሁን ወደ 60ዎቹ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ዕቃ ስታድይ 15ቱ ካለቀብሽ ትምህርቱ አበቃ። የየቡድኑን ዕቃ ከቤት በፌስታል ለይተሽ ነይ፤ የቡድን መሪው ብቻ ተነስቶ ይውሰድ፣ እሱው ቆጥሮ ይመልስ። መሪነቱ በየሳምንቱ ይዙር፤ ሁልጊዜ ጎበዙ ልጅ ከያዘው ሌሎቹ ተመልካች ይሆናሉ። ሴቶች ልጆች ጻፊ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩም ተከታተዪ። ክፍሉ በጣም ከጠበበ ገሚሱ ይሥራ፣ ገሚሱ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ በመሀል ይለዋወጡ። ድምፅ ይኖራል፤ ድምፁ ስለ ሥራው ከሆነ አትደንግጪ። በሳምንት ከሁለት በላይ እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ አታቅጂ። በሚገባ የተዘጋጀ አንድ እንቅስቃሴ ከአምስት ጥድፊያ ይሻላል።

ስለ ሥራው ደግሞ፣ አዎ፣ ይጠቅምሻል። በመምህራን የሙያ ፈቃድ ምዘና ውስጥ ማህደረ ተግባር፣ ማለትም ሥራሽን የሚያሳይ የሰነድ ስብስብ፣ አለ፤ ያኔ ከባዶ አትጀምሪ። ከዛሬ ጀምሮ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ገጽ ያዢ፦ የዕለቱ ዕቅድ፣ የተጠቀምሽበት ዕቃ፣ ልጆቹ የገመቱት፣ የሆነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምትለውጪው። የልጆቹን ሥራ ሁለት ሦስት ናሙና አያይዢ። ለግል ትምህርት ቤት ስታመለክቺ የሙከራ ትምህርት ስጪ ሊሉሽ ይችላሉ፤ የስንደዶውን ትምህርት ይዘሽ ግቢ። ዕቃው በእጅ ቦርሳ ይገባል፣ በ20 ደቂቃ ያልቃል፣ ልጅ ሲያስብ ለተመልካቹ በዓይን ይታያል። ምናልባት ለምን እንደመረጥሽው ይጠይቁሻል፤ የ25ቱን ስህተት አስረጂያቸው። ልጅ የት ላይ እንደሚሳሳት ቀድሞ የሚያውቅ ጀማሪ መምህር ብዙ አይገኝም።

ከኪስሽ የምታወጪው ክር፣ ማርከርና ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ተቀዶ ሲዘረጋ ለቁጥር ሰንጠረዥና ለሥዕል ይሆናል፤ እንደ ወረቀት አይቀደድም፣ ተጠቅልሎ ይያዛል። ከዚያ በላይ አታውጪ። ቆርኪ፣ ካርቶንና ጣሳ ልጆቹ ከቤትና ከየሱቁ ያምጡ፤ ያላመጣ ልጅ ግን በፍጹም አይቀጣ፣ ስሙም አይጠራ። ትምህርት ቤቱ እንደደረስሽም የማበልጸጊያ ማዕከሉን፣ ማለትም የማስተማሪያ መርጃ ዕቃ የሚቀመጥበትን ክፍል እንዲከፍቱልሽ ጠይቂ። ብዙ ቦታ ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ሆኖ ከዓመት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ ውስጡ ከአንቺ በፊት የነበሩ መምህራን የሠሩት የእንጨት ሰዓት፣ የቁጥር ሰሌዳ፣ የሸክላ ካርታ ልታገኚ ትችያለሽ። አቧራውን ጠርጊና ዝርዝሩን ጽፈሽ ለርዕሰ መምህሩ ስጪ፤ የትኛውን ለየትኛው ክፍል እንደምትጠቀሚበትም ከጎኑ ጻፊ።