ቲዝ ሌላ፣ ሞክ ሌላ

እህት፣ «የእንግሊዝኛዎቹ ቲዝ (tease) እና ሞክ (mock) ሁለቱም ማሾፍ ከሆኑ ምን ለያቸው?» ብለሻል። አቦ፣ እኔ ልዩነቱን ያወቅኩት ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን አፍሬ ነው።

እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ እንግሊዛዊት ባልደረባ ነበረችን። ቶሎ ተላመደችን። ሻይ ላይ ስኳር ስለማበዛ ትተርበኛለች፣ እኔም ፀሐይ ሲመታት በርበሬ መምሰሏን አነሳባታለሁ። አንድ ቀን አለቃችን «እንዴት ነው፣ ተግባባችሁ?» ሲለኝ እየሳቅኩ «ሺ ኦልዌይስ ሞክስ ሚ» አልኩት፣ «ሁልጊዜ ትተርበኛለች» ማለቴ ነበር። እሱ አልሳቀም። ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም ቢሮው ጠራን፣ እሷ እንባ እየተናነቃት ይቅርታ ስትጠይቀኝ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ለካ ትንቀኛለች፣ መሳለቂያ አድርጋኛለች ብዬ ከስሻታለሁ! ቲዝስ ሚ ብል ኖሮ እዚያው በሳቅ ያልቅ ነበር።

ቲዝ የእኛ ተረብ ነው። እኛ ድሬዎች ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» ብለን የምንተርበው ዓይነት። ሲበዛ ግን ያማል፤ ተማሪዎች አንዱን ልጅ ለይተው ሲያበሽቁትም ቃሉ ያው ቲዝ ነው። ሞክ ማላገጥ፣ መሳለቅ ነው፣ ንቀት አለበት። የሰውን አነጋገር ወይም አረማመድ እያስመሰሉ ማሾፍም ሞክ ይባላል። ደግሞ ሕግንም፣ ሐሳብንም፣ እምነትንም ሞክ ማድረግ ይቻላል። ሕግን ግን ቲዝ አታደርጊውም። ቲዝ የሚበሽቅ ነገር ይፈልጋል፣ ሰው ወይም ቢያንስ ውሻ።

ስለ ቲዝ አመጣጥ ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ። በጥንቱ እንግሊዝኛ የበግ ፀጉር ማፍታታት ማለት ነበር፤ ሰውን ነካ ነካ ማድረግ የሆነው በኋላ ነው። የእኛስ «ነደፈ»? ጥጥም ይነደፋል፣ ንብም ይነድፋል። (ጥቂት አሳይቶ የሚያጓጓው የፊልም ቲዘርም ከዚሁ ቃል ነው።)

ሲምታታብሽ «ቀልዴን እኮ ነው» የምትይበትን ቦታ አስቢ። ፈረንጆቹ እዚያ ላይ «አይ ዋዝ ጀስት ቲዚንግ» ይላሉ። በሞክ እንዲህ ካልሽ ግን ነገሩን አባባስሽው እንጂ አላበረድሽውም።

ባልደረባዬ አገሯ ከተመለሰች ቆየች። እስካሁን ስትደውልልኝ ከሰላምታ በፊት «ዛሬስ ሞክ ላድርግህ?» ነው የምትለኝ። ይኸውልሽ፣ ቲዝ ማለት ይሄ ነው።