የነቀርሳው ጂን ኤክስፐርት ቆረቆርን ለምን አይለይም?

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ራሱን ቆረቆር ይዞት፣ ቅባት ብንቀባውም አልለቀው አለ። ፀጉሩ በማይክሮስኮፕ ታይቶ «ፈንገስ ነው» ተባልን፤ ዓይነቱን ለማወቅ ግን ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ እስኪበቅል አራት ሳምንት ያህል መጠበቅ አለብን። ሆስፒታሉ የሳንባ ነቀርሳን በሁለት ሰዓት የሚለይ ጂን ኤክስፐርት አለው። ለምን በእሱ አይመረመርም?
(መምህርት፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መሣሪያው የሚሠራው የተሕዋሱን ዘረመል ቁራጭ ደጋግሞ በማባዛት፣ ማለትም በፒሲአር ነው፤ ይህ ዘዴ ለፈንገስም ያገለግላል። ሆኖም መሣሪያው የሚያገኘው በካርትሪጁ (ናሙናው በሚገባበት ትንሽ ዕቃ) ውስጥ ያሉት ፕራይመሮች፣ ማለትም ተፈላጊውን ዘረመል ለይተው የሚይዙ አጫጭር የዘረመል ቁራጮች፣ የሚፈልጉትን ብቻ ነው። የነቀርሳው ካርትሪጅ የነቀርሳን ባክቴሪያና ሪፋምፒሲን የተባለውን የነቀርሳ መድኃኒት መላመዱን እንዲፈልግ ስለተዘጋጀ፣ የልጅዎ ፀጉር ቢገባበትና «አልተገኘም» ቢል እንኳ ስለ ቆረቆሩ የነገረን ነገር የለም።

የፈንገስ ፒሲአር ብዙ ጊዜ የሚፈልገው አይቲኤስ የተባለውን የዘረመል ክፍል ሲሆን፣ ይህ ክፍል በአንድ ሕዋስ ውስጥ በብዙ ቅጂ ስለሚገኝ ጥቂት ናሙና ይበቃዋል፤ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይም በ2012 እ.ኤ.አ. የፈንገሶች መለያ እንዲሆን በተመራማሪዎች ታጭቷል። አስቸጋሪው ሥራ ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ የፈንገስ ሕዋስ ግድግዳ ካይቲንና ግሉካን በተባሉ ንጥረ ነገሮች የጠነከረ በመሆኑ፣ ናሙናው በጥቃቅን ዶቃዎች ካልተፈጨ ወይም በኢንዛይም ካልላላ ዘረመሉ በበቂ መጠን አይወጣም።

ዝርያውን ማወቅ ለቤተሰብዎ ትልቅ ጥቅም አለው። በአገራችን በቆረቆር ሕሙማን ላይ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የተባለው ፈንገስ ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፍ፣ እሱ ከሆነ ወንድምና እኅቶቹ መታየት፣ ማበጠሪያና መላጫም መለየት አለባቸው። ትራይኮፋይተን ቬሩኮሰም ከሆነ ግን በረት ያሉት ጥጆች ይታዩ፤ ማይክሮስፖረም ካኒስ ደግሞ ከድመትና ከውሻ ይመጣል። መድኃኒቱም ይለያያል፤ ለትራይኮፋይተን ተርቢናፊን፣ ለማይክሮስፖረም ግሪሲዮፉልቪን ይመረጣል።

ፒሲአር የሞተን ፈንገስ ከሕያው ስለማይለይ፣ ከሕክምና በኋላ «ተገኘ» ቢል መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

ዓይነቱ እስኪታወቅ ተብሎ ሕክምናው እንዲዘገይ አልመክርም። ቅባት ብቻውን ወደ ፀጉሩ ሥር ስለማይዘልቅ፣ የማይክሮስኮፑ ውጤት ካለ ሐኪሙ የሚዋጥ መድኃኒት ሊጀምርለት ይችላል። ናሙና የሚላክ ከሆነ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ቅባቱ በአልኮል ተጠርጎ፣ የተሰበረው ፀጉርና ቅርፊቱ በደረቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ይላክ፤ ፎርማሊን ውስጥ እንዳይገባም ይጠንቀቁ።