ሙዚቀኞች የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ቢመሩስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ማራኪ አካባቢ ያለን ወጣቶች ተሰባስበን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር አቋቁመናል። ክረምት ላይ ችግኝ እንተክላለን፣ የቀሃን ወንዝ ዳር እናጸዳለን። አሁን ቦርድ ልንመርጥ ነው። ግማሾቻችን የከተማችን ሙዚቀኞች፣ የስቱዲዮ ባለቤቶችና ኮንሰርት አዘጋጆች ይግቡበት ስንል ሌሎቹ «እነሱ ለፎቶ ነው የሚመጡት፣ ስለ አካባቢ ምን ያውቃሉ?» ብለው ተቃወሙ። ስብሰባው ሳይቋጭ ተበተነ። ምን ትሉናላችሁ? (ከማራኪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ አስገቧቸው። ግን የፈለጋችሁት ስማቸውን ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ ያኔ ጓደኞቻችሁ ልክ ናቸው። አንድ ታዋቂ ድምፃዊ ሐምሌ ላይ አካፋ ይዞ ፎቶ ተነስቶ ቢሄድ፣ ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ችግኙን ማን ውኃ ያጠጣዋል? ከከብትስ ማን ይጠብቀዋል?

እነዚህ ሰዎች እናንተ የማታውቁትን ያውቃሉ። መድረክ እንዴት እንደሚቆም፣ ጄኔሬተር ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚነሳ፣ ውል ላይ ምን እንደሚሰፍር፣ ስፖንሰር ምን ሲሰማ እሺ እንደሚል፣ ሺህ ሰው በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚስተናገድ። ይሄ ሁሉ የአካባቢ ጉዳይ ነው።

ሌላ አገር ተሞክሮ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ውስጥ የሙዚቃ ኢንዱስትሪው ሰዎች ራሳቸው ተሰባስበው ጁሊስ ባይስክል የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። አሊሰን ቲከል የምትባል ሴት መሠረተችው፣ መራችውም። መጀመሪያ ሌላውን አላስተማሩም፣ የራሳቸውን ቤት ፈተሹ። ተመራማሪዎችን ይዘው የእንግሊዝ ሙዚቃ ምን ያህል ጭስ እንደሚያወጣ አስለኩ፣ ትልቁን ድርሻ የያዘውም ታዳሚው ወደ ኮንሰርት የሚመላለስበት ጉዞ ሆኖ ተገኘ። ሰው ሁሉ የሚያየው መድረኩን ነው፣ ጥፋቱ ግን መንገድ ላይ ነበር! ሥራው ከዚያ ወደ ቴአትርና ሙዚየም ሰፋ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ገንዘብ የሚሰጣቸውን ድርጅቶች የመብራትና የውኃ ፍጆታችሁን ሪፖርት አድርጉ ማለት ጀመረ፣ በዚህ ሥራ አብሮት የቆመውም ይኸው ድርጅት ነው።

አሜሪካም ሪቨርብ የሚባል ተመሳሳይ ድርጅት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተ። መሥራቾቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ጊታር ተጫዋች፣ እሷ የአካባቢ ባለሙያ። ለእናንተም የምመኘው እንዲህ ያለ ጥምረት ነው። ቦርዳችሁ ውስጥ ሙዚቀኛው ብቻውን አይቀመጥ፣ አጠገቡ ስለ አፈርና ስለ ውኃ የሚያውቅ ሰው ይኑር። ከዩኒቨርሲቲው ሊሆን ይችላል፣ ከግብርና ቢሮም።

ወደ እኛው ከተማ እንምጣ። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር በእንግዳ ትጥለቀለቃለች፣ ማታ ማታ ኮንሰርቱ ይደራል። በማግሥቱ ሜዳው ላይ ሂዱና እዩት። የተረገጠ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ያለፈ ቀን የተጻፈበት ባነር። ዝናብ ሲመጣ ያ ሁሉ በቦዩ አድርጎ ወንዝ ይገባል። እናንተ ጠዋት ጓንት አጥልቃችሁ ትለቅማላችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ኮንሰርት አዘጋጁ ቦርዳችሁ ውስጥ ቢሆን ግን ሜዳውን ሲከራይ የሚፈርመው ውል ላይ «ጽዳቱ የአዘጋጁ ነው» የሚል አንቀጽ ያስገባል፣ የውኃ በርሜልና ኩባያ ያቆማል፣ ባነሩንም ዓመተ ምሕረት ሳይጽፍበት አሠርቶ ለከርሞ ያስቀምጠዋል።

ጄኔሬተሩንም አትርሱ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የአገራችን መብራት ደግሞ ከ90 ከመቶ በላይ የውኃ ኃይል ነው። መብራት ይጠፋል ተብሎ ከቀትር ጀምሮ ትልቁን ጄኔሬተር ማስጮህ ለምን ያስፈልጋል? የድምፅ ፍተሻው በመብራት ይሠራ፣ ጄኔሬተሩ በተጠባባቂነት ይቁም፣ መጠኑም በሳውንድ ሲስተሙ ልክ ይሁን። ይህን ከሳውንድ ባለሙያ በላይ የሚያውቅ የለም።

ትልልቆቹም እየሞከሩ ነው። ኮልድፕሌይ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2019 የኮንሰርት ጉዞውን አቁሞ አሰበበት፣ ቀጥሎ ባደረገው የዓለም ጉዞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የራሱን የካርቦን ልቀት ከ2016–17ቱ ጉዞ ጋር ሲነጻጸር በ59 ከመቶ መቀነሱን በ2024 አስታውቋል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ማሲቭ አታክ የሚባለው ሌላ የእንግሊዝ ባንድ ብሪስቶል ከተማ ውስጥ ሙሉ ኮንሰርት በባትሪ ሠራ። የእኛ አቅም እዚያ አይደርስም፣ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ማስገባት ግን ዛሬውኑ ይቻላል።

መመሪያ ካላችሁኝ፦ ለእያንዳንዱ የቦርድ አባል በስሙ ሥራ ስጡት። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከቀረ በሌላ ይተካ፣ የቱንም ያህል ታዋቂ ይሁን። ሙዚቀኛው ስፖንሰር ሲያመጣ ስምምነቱን ቦርዱ በሙሉ ያንብበው።

ጥያቄ፦ እኔ አዝማሪ ቤት ነው የምሠራው። ስለ አካባቢ ዘፈን ካወጣን ሰው ይሰለቻል፣ ስብከት ይሆንበታል። እንዴት እናድርገው? (ከፒያሳ፣ ጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ ትክክል ነሽ። «ዛፍ ትከሉ፣ ዛፍ ትከሉ» የሚል ዘፈን ማንም ደግሞ አይሰማውም። አንቺ ግን ሌላው የሌለው ነገር አለሽ፤ እንግዳው ራሱ ግጥም ሲሰጥሽ ትቀበይዋለሽ። ጎንደር የምትጠጣውን አንገረብን ደለል እየሞላው መሆኑን የማያውቅ የቤትሽ ደንበኛ አለ? የለም። ታዲያ አንዱን ጠጋ በይና እንዲህ ብሎ እንዲሰጥሽ አድርጊ፦

አንገረብ ግድቡ ሆዱ ተነፋፋ፣
ጋራው ተራቁቶ አፈሩ ሲጠፋ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ራሱ ይቀጥለዋል። ሰው እየሳቀ ይነጋገርበታል፣ ባለሥልጣንም ተቀምጦ ከሆነ ይሰማል። ግጥሙ የሰፈሩን ጋራና ወንዝ በስም ይጥራ እንጂ «አካባቢ» የሚለው ቃል ባይገባበት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የታሸገ ውኃ የሚሸጥ ድርጅት ለችግኝ ተከላ ኮንሰርታችን ስፖንሰር ልሁን አለ። እንቀበል ወይስ እናባር? (ከአዘዞ)

መልስ፦ አታባሩት፣ ተደራደሩት። በዚያ ቀን የተሸጠውን ያህል ባዶ ሃይላንድ ሰብስቦ እንዲመልስ፣ ለሰብሳቢዎቹም እንዲከፍል ውል ውስጥ አስገቡ። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ድርጅቶችም ስለ ፕላስቲክ ሲነገራቸው ጆሮ ይሰጣሉ። ይህን ካልፈረመ ሎጎው መድረካችሁ ላይ አይሰቀል። ድርድሩን ለማን እንደምትሰጡት ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ስፖንሰር ሲያነጋግር የኖረ ማናጀር አይጠፋም ከመካከላችሁ።